ጋሽ ምላጭ ጣሪያ ላይ

ጠብታዋ የወደቀችው ግራ ቅንድቤ ላይ ነው። እኔ አልጋውን ልሞክር ብዬ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነበር። ነገ የልጅ ልጄ ከነጨቅላዋ የምትተኛበትን አልጋ እኔ ቀድሜ ሳልተኛበት እንዴት አስተኛታለሁ? ሽቦው ይወጋ እንደሁ፣ ትራሱ አንገት ያጣምም እንደሁ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ ነፋስ ይገባ እንደሁ፣ ሁሉንም በገላዬ መፈተሽ ነበረብኝ። ሽቦው አልወጋኝም፤ ትራሱም ደህና ነው። ውጭ ያካፋል። እጄን ሆዴ ላይ አጣጥፌ «እሰይ፣ ይኼስ ለንግሥት ይሆናል» እያልኩ ሳለ፣ ጠብ!

ተነሳሁ። የራሴ ላብ ይሆናል ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ጠብ!

«አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ድረስልኝ፣ ቤቱ ፈረሰ!»

ባለቤቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ገባ። ሰፈሩ ጋሽ ምላጭ ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው አገጭ ሲላጭ ኖሯል። አሁን እግሩ ቢደክምም እጁ አልደከመምና ሱቁን አልዘጋም። ሽቅብ ጣሪያውን አየ፣ ቁልቁል እኔን አየ።

«የታለ የፈረሰው?»

«ጠብታ ወደቀብኝ።»

«ታዲያ ቤቱ ነው የወደቀው ጠብታው?»

«ዛሬ ጠብታው፣ ነገ ቤቱ! አንተ መቼ ነገር ይገባሃል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህችን የልጅ ልጃችንን ያሳደግናት እኛ ነን። እናቷ፣ ልጃችን ማለቴ ነው፣ ሥራዋ ሩቅ ስለሆነ ልጅቷ ከብብቴ ሥር ሳትወጣ ነው ያደገችው። ስሟን ጠርቻት አላውቅም፤ እንቡጤ ነው የምላት። አግብታ ስትሄድ ቤቱ ከሁለት የተከፈለ መስሎኝ ነበር። እናም ትናንት ማለዳ ሴት ልጅ ወለደች። ጨቅላዋ ጤነኛ ናት፤ ግን ቀጭን ናት፣ አንድ እፍኝ። ነርሷ «ብርድና እርጥበት እንዳያገኛት» ብላ አስጠንቅቃለች።

የእንቡጤ አማት ጣሪያው በኮንክሪት የተሞላ ቤት አላት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ብቻ ስለዚያ ኮንክሪት ሳታነሳ ውላ አታድርም። ባለቤቴ በሌለችበት «እትዬ ኮንክሪት» ይላታል። እሷም ክፍል አዘጋጅታ «አራሷ ወደ እኔ ትምጣ» ብላ ነበር። እንቡጤ ግን ገና ሆዷ ሳይገፋ «እኔ የምታረሰው እማማ ቤት ነው» ብላ ጨርሳለች። ይህን ስትል ደስታዬን የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ ነበር።

እና አሁን ጠብ! የሕፃኗ ራስ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። አልጋውን እንዳናዞረው ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ከዚያ ግድግዳ በቀር መደገፊያ የላትም። ያን ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ ለራሴ ፈረድኩ። እስኪመጡ ድረስ ጠብታው ካልቆመ፣ በገዛ አፌ «ወደ አማትሽ ቤት ሂጂ» እላታለሁ። ለእኔ ደስታ ሲባል ያች እፍኝ የማትሞላ ነፍስ እርጥበት ሥር አትተኛም። 

«ቆርቆሮ የሚመታውን ሰው ጥራ» አልኩት።

«በዚህ ዝናብ ወቅት? ከሱ ይልቅ ሚኒስትር ይገኛል። ደግሞ አንዲት ቀዳዳ ናት። ራሴ እደፍናታለሁ።»

«አንተ? ጣሪያ ላይ? በዚህ ጉልበትህ?»

«ጉልበቴ አይደለም የሚደፍነው፤ እጄ ነው።»

ካልኩት ሁሉ ያልሰማውን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቁ ሄዶ አንድ ጣሳ የጣሪያ መድፈኛ፣ የሽቦ ብሩሽና እንደ ፋሻ ያለ ወንፊት ጨርቅ ተሸክሞ መጣ። መድፈኛው ሲከፈት ግራጫ ነው፤ እንደ ሊጥ ይወፍራል፤ ሽታው ሬንጅ ሬንጅ ይላል። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር። ከጎረቤት መሰላል ለምኖ ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

እኔ ጣሳውን ነጠቅሁት። ሰውየው ሳያነብ ነው የሚነሳው፤ እኔ ደግሞ ጽሑፍ ያለበት ነገር ሳላነብ አላልፍም። የመድኃኒት ወረቀት እንኳ እስከ ማተሚያ ቤቱ አድራሻ ድረስ አነባለሁ። ጮክ ብዬ ጀመርኩ።

«‹ሕፃናት በማይደርሱበት ያስቀምጡ።› ሰማህ? ሕፃን ልትመጣ ነው። ‹ዓይን ከነካ በብዙ ውኃ ይታጠቡ።› ወይኔ ልጄን! መነጽርህን አውርድ። ‹እሳት አጠገብ አይክፈቱ።› ሲጋራ ደብቀህ እንደሆነ አሁን ተናገር። ‹ራስ ምታት ከተሰማዎ ንጹህ አየር ወዳለበት…›»

ቀና ስል መሰላሉ ላይ ነው። እኩሌታው ደርሷል።

«ቁም! በገመድ ሳላስርህ!»

«እንደ ጥጃ ልታስሪኝ ነው?»

«ጥጃ ቢሆን ይሻልህ ነበር፤ አራት እግር አለው።»

ጣሳውን አቀብዬው ወገቡ ላይ ገመድ አሰርኩበት፤ ሌላውን ጫፍ በውኃ ታንከሩ እግር አዙሬ አጥብቄ ያዝኩ። ዝቅተኛ ቤት ናት፤ ሰው ቢወድቅባት ጉልበቱ ይላጥ እንደሁ እንጂ ሌላ አይሆንም። ይህን ልቤ ያውቀዋል። እጄ ግን አያውቀውም፤ ገመዱን እንደገና ጠመጠመው።

ከታች ሆኜ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው። መጀመሪያ ዝገቱን ሲፍቀው ፍቅ ፍቅ አለ። ቀጥሎ ፊስ፣ ፊስ የሚል ነገር ሰማሁ።

«ምንድነው የሚተፋው? እባብ አለ እንዴ?»

«ሥራ ነው፤ ዝም በይ!»

ከዚያ ማንጎራጎር ጀመረ። ሲያንጎራጉር ልቤ ትንሽ ተመለሰች፤ የሚወድቅ ሰው አያንጎራጉርም። ሥራውን ጨርሶ «ያዢኝ፣ ልወርድ ነው» ሲል ገመዱን ባለኝ ኃይል ሳብኩት። ገመዱ ቀልሎ መጣ። ጫፉ ላይ የታሰረው ጣሳው ነው!

«አንተ ከሃዲ! ራስህን ፈትተህ ጣሳውን አሰርክ?»

«እኔ ብወድቅ እነሳለሁ፤ እሱ ቢወድቅ ይደፋል» አለ መሰላሉ ላይ ሆኖ። ፊቱ በርቷል። «አሁን ባቡር ቢሄድበት አይነቃነቅም።»

ያን ጊዜ የእንቡጤ ባል የሕፃን ማጠቢያና ብርድ ልብስ ይዞ ደረሰ። ሾፌር ነው፤ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ይነዳል። በገደል አፋፍ ላይ ጭነት መኪና ቀድሞ የሚያልፍ ሰው ነው ይባላል፤ ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖል ቀይር ስትለው ግን ጉልበቱ ይከዳዋል።

«እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ክፍሏ ደረሰች?»

«አንድ ፈተና ቀርቷታል» አልኩት። «አንተ ከምድር ሆነህ በውኃ ጎማው ጣሪያው ላይ ርጭ። እኔ አልጋው ላይ እተኛለሁ። አፌን ዘግቼ።»

ተኛሁ። ውኃው ቆርቆሮው ላይ ሲንጫጫ ሰማሁ። አንድ ጊዜ… ምንም። ትንሽ ቆየሁ… ምንም። «እሰይ» ልል አፌን ስከፍት፣ ጠብ! ይኼን ጊዜ አፌ ውስጥ። የሬንጅ ጣዕም አለው።

ወጣሁ እየተፋሁ። ሾፌሩ የጎማውን አፍ እንደያዘ አሸንዳውን እያየ ቆሟል፤ ሳቁን ሊይዝ ብሎ ጉንጩ ተነፍቷል። ግራጫው መድፈኛ ከጣሪያው ተንሸራቶ አሸንዳው ውስጥ ቁጢጥ ብሏል።

«ጋሼ» አለ «የላጩት ሰውዬ ሳይታጠብ ሄደ መሰለኝ።»

ጣሳውን አነሳሁ። ከማስጠንቀቂያው ሁሉ በታች፣ እኔ ሳልደርስበት በቀረሁት ቦታ ተጽፏል። «‹የሚደፈነው ቦታ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይይዝም።›» አነበብኩና ዞርኩ። «ያ ፊስ ፊስ የሚለው ምን ነበር?»

ባለቤቴ ከኮቱ ኪስ የሱቁን የውኃ መርጫ አወጣ፤ የደንበኞቹን ፀጉር የሚያረጥብበትን።

«ረጨህበት?»

«ታዲያስ! ሳይርስ የሚላጭ አለ እንዴ? ፊት አርጥበህ፣ አለስልሰህ፣ አረፋውን ከዚያ ነው…»

«አረፋ አይደለም!»

«በእርጥብ ያልያዘ በደረቅ እንዴት ይይዛል?» አለ። የምሩን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ደረቅ ነገር ላይ ምንም ቀብቶ አያውቅም። ከዚያ ግን አሸንዳውን አየና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነው። ሾፌሩም ያፈነውን ለቀቀው። እኔ አልሳቅሁም። ቆይቼ ግን የዛሬው ጥፋት እኩል እንደሆነ ገባኝ፤ እሱ በእርጥብ ቀባ፣ እኔ ደግሞ ዓይን ስለመታጠብ ሳነበንብ ዋናው ቃል ሳይደርሰው ወጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ።

ሾፌሩ ሲሄድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ካልሆነም አይጨነቁ፤ እናቴ ክፍል አዘጋጅታለች» አለኝ። ለማጽናናት ነው። እኔ ግን ራት አልወረደልኝም።

በነጋታው ማለዳ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ባለቤቴ ሱቅ ሄዷል። የጠዋቷ ፀሐይ ቆርቆሮውን አድርቃ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ስታስወጣበት እኔ በር ላይ ቆሜ «አሁን ነበር» እያልኩ ስቁነጠነጥ፣ መንገዱን አቋርጦ ሲሮጥ አየሁት። እንዲህ ሲሮጥ ያየሁት በጎረምሳነቱ ነው።

«ፀሐይ ናት! ውጪ፣ ጣሳውን አምጪ!»

«ሱቁንስ ማን ያዘ?»

«አንድ ደንበኛ አለ። ግማሹን ላጭቼዋለሁ።»

«ግማሹን?»

«አንድ ጉንጩን። ጋዜጣ ሰጥቼዋለሁ፤ ይጠብቃል።»

ውል አሰርን። እኔ አንድ መስመር ሳላነብ እሱ እጁን አያነሳም፤ እኔም ከማስጠንቀቂያው አልጀምርም። በመጀመሪያ ግን ቀዳዳዋ በትክክል የት እንዳለች ማወቅ ነበረብን። ትናንት በግምት ነበር የቀባው። እኔ ክፍሏ ውስጥ ገብቼ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩ። ጨለማው ውስጥ በቆርቆሮው ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ብልጭ አለች፤ ከምስማሩ አጠገብ። አልጋው ላይ ቆሜ ከመጥረጊያው አንድ ጭራሮ መዝዤ በነጥቧ አሾለክሁ።

«አየኋት!» ሲል ድምፁ ከላይ መጣ። «ጭራሮዋ ወጣች! ሰላም አለችኝ!»

«ሰላምታውን ተወውና ምልክት አድርግ!»

በጠመኔ ከበባት፤ እኔም ጭራሮዬን ስቤ እየሮጥኩ ወጣሁ። ከመሰላሉ ሥር ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ።

«‹ዝገቱንና አቧራውን በሽቦ ብሩሽ ያስወግዱ።›»

«አስወገድኩ።»

«‹በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉ።› ደረቅ! ኪስህን አሳየኝ።»

የውኃ መርጫውን ሱቅ ትቶ እንደመጣ ኪሱን ገልብጦ አሳየኝ።

«‹ከቀዳዳው ጠርዝ አንድ መዳፍ ያህል አልፈው ይቀቡ።›»

«መዳፌ ትልቅ ነው።»

«በትልቁ ቀባ! ‹ጨርቁን እርጥቡ መድፈኛ ላይ ያንጥፉና አየር እንዳይቀርበት ይጫኑ።› አየር፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ። አገጭ ላይ ጨርቅ ስጭን ነው የኖርኩት።»

«‹በላዩ ላይ ሁለተኛ ይቀቡ። ውኃ እንዳይጠራቀም ጠርዙን አሳስተው ከቆርቆሮው ጋር ያመሳስሉ።›»

እዚህ ላይ ዝም አለ።  ወድቆ እንዳይሆን ብዬ ሁለት መወጣጫ ሽቅብ ወጥቼ አንገቴን ብቅ አደረግሁ። በደረቱ ተኝቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ በጠፍጣፋ የመቀቢያ ብረት ጠርዙን ያሳሳል። ከጆሮ ሥር አረፋ እንደሚያነሳ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ሳብ ያደርጋል፣ ጨርቁ ላይ ይጠርጋል፣ ደግሞ ሳብ። ጠርዙ የት እንደሚያልቅ በዓይን አይታይም። ይኼን እጅ ነው ያገባሁት አልኩ በልቤ። በአፌ ግን «ወደ ዳር አትጠጋ!» ነው ያልኩት።

ሲወርድ የመጨረሻዋን መስመር አነበብኩለት። «‹በፀሐይ ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ ዝናብ አይንካው።›»

ሁለታችንም ሰማዩን አየን። አንዲት ደመና አልነበረችም። ባለቤቴ ወደ ግማሽ ጢሙ ሰውዬ ተመለሰ፤ እኔም የሕፃኗን ጨርቆች ላጥብ ሳፋውን አወጣሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት የእኔ ነገር ነው። ጨርቁን ሳልጨርስ ጥላ መጣብኝ። ቀና ስል ከተራራው በኩል ጥቁር ደመና እንደ ተቆጣ ሰው እየገሰገሰ ነው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። እንቡጤ ናት።

«እማ! ከሐኪም ቤት ቀድመው አሰናበቱን! መኪና ውስጥ ነን!»

«ከሰዓት አልነበር እንዴ?»

«ደህና ናችሁ ብለው ለቀቁን። እማ…» ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ጣሪያው እንዴት ሆነ? ባሌ ነገረኝ። እናቱም አብረውን ናቸው፤ ወደሳቸው ቤት ማዞሪያው ጋ ልንደርስ ነው። ምን ልበላቸው?»

እንግዲህ እውነቱ የሚነገርበት ሰዓት መጣ። ተደፍኗል ብላት ውሸት ነው፤ ገና ቆዳ አላወጣም። አልተደፈነም ብላትም ውሸት ነው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ እዚህ ድረሱ» አልኳት። «ፊት ለፊት ያለችው ክፍል አታፈስም፤ እዚያ ትቀመጫለሽ። ጓዳዋን በዓይናችን እናያለን። አንዲት ጠብታ ከወረደች እኔ ራሴ ብርድ ልብሱን ጠቅልዬ ወደ አማትሽ እሸኝሻለሁ። ካልወረደች ትቀሪያለሽ።»

«እሺ እማ» አለች። «እንዳይወርድ አድርጊያ!»

ስልኩን ሳስቀምጥ የመጀመሪያዋ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሰው ነግሮኝ ቢሆን አላምንም ነበር። ሳፋውን ደፋሁ፤ ጨርቁ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ሳፋውን ራሴ ላይ እንደ ባርኔጣ ደፍቼ መሰላሉን ያዝኩ። ማን ይያዝልኝ፣ ገመዱ የት አለ፣ ጫማዬ ያንሸራትታል አያንሸራትትም፣ አንዱም ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ያ ግራጫ መጣፊያ ነው፤ ገና ለስላሳ፣ ገና ቆዳ የሌለው፣ እንደ ጨቅላዋ። በእንብርክኬ ቆርቆሮው ላይ ሄጄ ሳፋውን መጣፊያው ላይ ከደንኩት። ጣሪያው ዘቅዛቃ ስለሆነ ሳፋው ይንሸራተታል። እናም አጠገቡ ቁጭ ብዬ በሁለት እጄ ያዝኩት። ዝናቡ ወረደ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ደስ አለኝ። ዙሪያዬን ሳይ ሰፈሩ ሁሉ ከታች ነው። የጎረቤት ጣሪያ ላይ ማን እንደጣለው የማይታወቅ አንድ ጫማ አለ፤ የሰው ሁሉ ልብስ ማስጫው ላይ ይበሰብሳል፤ መንገዱ ላይ ሰዎች ጋዜጣ ራሳቸው ላይ አድርገው ይሮጣሉ። ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው እንዳይወጣ ስከለክል የኖርኩት ለካ ይኼን ነው!

መኪናው በር ላይ ቆመ። መጀመሪያ ሾፌሩ ወረደ፣ ቀጥሎ እትዬ ኮንክሪት ጃንጥላ ዘርግታ፣ በመጨረሻ እንቡጤ፣ ደረቷ ላይ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ይዛ። መቼም ዓይኔ ከዚያ ጥቅልል አልተነሳም።

«እማማ የሉም እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«እዚህ ነኝ!»

ሦስቱም ዞሩ፤ ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ። ከዚያ እንቡጤ ቀና አለች።

«እማ! ምን ሆነሽ ነው? ውረጂ! ትወድቂያለሽ!»

«አልወርድም! ቆዳ አላወጣም!»

«ማነው ቆዳ ያላወጣው?»

«ሕፃኗን አስገቢ! ዝናብ ላይ ቆመሽ ትጠይቂኛለሽ እንዴ? ፊት ለፊት ክፍል፣ ሶፋው ላይ፣ በሩን ዝጊ!»

ገባች፤ በመስኮት ግን ዓይኗን አልነቀለችም። እትዬ ኮንክሪት መሰላሉ ሥር መጥታ ጃንጥላዋን ሽቅብ ዘረጋችልኝ፤ አልደረሰም።

«እትዬ፣ በእድሜዎ እንዲህ ያለ ነገር! በእኛ ቤት እኮ ኮንክሪት ነው…»

«አውቀዋለሁ! መላው ሰፈር ያውቀዋል! ጃንጥላውን ያቀብሉኝ!»

ሾፌሩ የእናቱን ጃንጥላ ተቀብሎ መሰላሉን ያዘ። ፊቱ ነጣ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ አንድ እግሩን አነሳ፤ እንደ ዓይነ ስውር እየዳሰሰ ወጣ። ጫፍ ላይ ሲደርስ ጃንጥላውን ሰጠኝና ቆርቆሮውን አቅፎ ቀረ።

«እማማ፣ መድረሴን ይንገሩኝ።»

«ደርሰሃል፤ ዓይንህን ግለጥ።»

«አይሆንም።»

በዚህ መሃል ባለቤቴ መጣ፤ ከኋላው አንድ ጉንጩ ተላጭቶ ሌላው አረፋ የለበሰ፣ የሱቁ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ የታሰረ ሰውዬ ተከትሎታል። ባለቤቴ ሽቅብ ሲያየኝ አፉ ተከፈተ። ጣሪያ ላይ ሚስቱ ጃንጥላ ዘርግታ ሳፋ አቅፋ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ሾፌሩ በሆዱ ተኝቷል።

«አንቺ ሴትዮ! ገመድሽ የታለ?»

«ጣሳው ላይ ነው!» አልኩት። ከሁሉ ይልቅ የሳቀው ግማሽ ጢሙ ሰውዬ ነው፤ አረፋው ከጉንጩ እየተረጨ።

ዝናቡ ቀነስ አለ፤ ፀሐይም በደመናው ስንጥቅ ብቅ አለች። ትንሽ ቆይቶ ባለቤቴ መሰላሉን ወጥቶ፣ ሾፌሩን ተሻግሮ መጣ። ሳፋውን አነሳና በጣቱ ጫፍ መጣፊያውን ነካው። ጣቱን አየ። ንጹህ ነው።

«ቆዳ አውጥቷል» አለ።

«እርግጠኛ ነህ? እንደ ትናንቱ ባቡር እንዳይሆን።»

«ቆዳ እኔ ነኝ የማውቀው ወይስ አንቺ?»

ያን ጊዜ እውነተኛው ዝናብ መጣ። የቅድሙ ማስፈራሪያ ነበር። ጎርፉ በመጣፊያው ላይ ሲያልፍ አየሁት፤ ጠርዙ ላይ አልቆመም፣ አልተጠራቀመም፣ ተንሸራቶ ሄደ። ግን ከላይ ያየነው ምንም አይደለም፤ ፍርዱ ከታች ነው።

«አንድ ሰው አልጋው ላይ ይተኛ!» አልኩ። «እውነቱን የሚናገር!»

«እኔ እተኛለሁ» አለች እትዬ ኮንክሪት። ልብሷን ሰብስባ፣ ዳኛ እንደምትሆን ሴት ቀጥ ብላ ገባች። ይህች ሴት አንዲት ጠብታ ብታገኝ አራሷን ይዛት ትሄዳለች፤ ባታገኝ ግን አትዋሽም።

ጠበቅን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደልቀዋል። 

«እትዬ! ወደቀ?»

ዝም።

«እትዬ! ዓይንዎ ላይ ወደቀ?»

ዝም።  መናገር ያቃታት ሐዘኔታ ይዟት ነው አልኩ፤ «ወደ እኔ ቤት እንሂድ» ለማለት ቃል እየፈለገች ነው። እንቡጤ ልታይ ስትገባ የጓዳው በር ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ የእሷ ሳቅ መጣ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የማውቀው፣ አፍንጫዋን የምትይዝበት ሳቅ።

«እማ! እንቅልፍ ወስዷቸዋል! አልጋው ደረቅ ነው፤ ትራሱም ደረቅ ነው፤ ግንባራቸውም ደረቅ ነው!»

ባለቤቴ ዝናቡ ውስጥ እጁን ሽቅብ ዘረጋ። ሾፌሩ አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ ከታች ያለውን አየ፣ መልሶ ጨፈነ። እንባዬን ዝናቡ ደበቀልኝ።

መውረድ ሌላ ጣጣ ሆነ። ስወጣ የተረሳኝ ፍርሃት አሁን ሁሉ ተሰብስቦ መጣ። መሰላሉን አየሁት፤ ረዘመብኝ። «እግርሽን እዚህ አድርጊ» ይለኛል ባለቤቴ፤ «አልችልም» እላለሁ። «በጀርባሽ ዙሪ» ይለኛል፤ «አልዞርም» እላለሁ። «እዚሁ ምግብ አቀብሉኝ፣ እዚሁ እኖራለሁ» ልል ሲዳዳኝ፣ ከክፍሏ ውስጥ ሕፃኗ አለቀሰች። ከዚያች እፍኝ ገላ ያ ድምፅ መውጣቱ! በእኔ ቤት፣ በእኔ ጓዳ፣ ደረቁ አልጋ አጠገብ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ባለቤቴ «መሰላሉን የነካሽ አልመሰለኝም» ይላል።

እትዬ ኮንክሪት ከአልጋው ተነስታ ዓይኗን ታሻለች፤ ጉንጯ ላይ የትራሱ ጥልፍ ታትሟል። አፍራለች።

«ይቅርታ፣ እትዬ። ድምፁ ነው ያስተኛኝ። በእኛ ቤት እኮ ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው ጎረቤት ሲነግረን ነው።» ከዚያ ጣሪያውን ቀና ብላ እያየች ጨመረች፤ «አራሷ እዚሁ ትቅር። ብቻ እኔም አልፎ አልፎ ስመጣ…»

«አልጋውን ይሞክሩልናል» አልኳት።

እጄን ዘርግቼ ወደ እንቡጤ ሄድኩ። ጨቅላዋ ፊቷን አጨማድዳ፣ በአፏ አየሩን እየዳሰሰች ጡት ትፈልጋለች። ልቀበላት ስል እንቡጤ ወደ ኋላ ሸሸች፤ እትዬ ኮንክሪት መሃላችን ገባች፤ በር ላይ የቆመው ግማሽ ጢሙ ሰውዬ ሳይቀር «ኧረ እማማ!» አለ።

«ምነው? ምን አደረግሁ?»

«እማ፣ ራስሽን እዪ!»

አየሁ። ከፀጉሬ፣ ከእጅጌዬ፣ ከቀሚሴ ጫፍ ውኃ ይወርዳል፤ እግሬ ሥር ኩሬ ሠርቷል። በዚያ ቤት ውስጥ የማፈሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ነርሷ ምን አለች?» አለችኝ እንቡጤ ጣቷን ቀስራ። «ብርድና እርጥበት እንዳያገኛት! ሂጂና ልብስሽን ቀይሪ፣ ፀጉርሽን አድርቂ፣ ከዚያ ትይዣታለሽ።»

ቁጣዋ የእኔው ቁጣ ነው፤ ቃሉም፣ ጣቱም። ደስ እያለኝ ሄድኩ። ባለቤቴ የሱቁን ፎጣ ይዞ ከኋላዬ መጣና ፀጉሬን ያደርቅልኝ ጀመር፤ ቀስ እያለ፣ አንዲት እርጥብ ዘለላ ሳያስቀር።

«ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት» አለኝ።

«ቶሎ በል» አልኩት፤ «እያለቀሰች ነው።»